የኮንትሮባንድ ጨዋታ ደንብ በአራት ቅጂ

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ጨዋታ የሚያበላሸው ደንብ የማያውቅ ሰው አይደለም። "ደንቡ ካልተነገረኝ ሞቼ እገኛለሁ" የሚል ሰው ነው! ማን እንደሆነ ለማወቅ አትድከሙ... እኔ ነኝ።

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው፣ ድሬዳዋ። እሑድ ከምሳ በኋላ ፀሐይዋ ሰዉን ከመንገድ ስታባርር፣ እኛ ሦስት ጓደኛሞች ጋሽ ሙሉጌታ ቤት ለበርጫ እንሰበሰባለን። ጋሽ ሙሉጌታ ሃያ ዓመት ኬላ ላይ ሻንጣ ሲበረብሩ የኖሩ ጡረታ የወጡ ፈታሽ ናቸው። አብዲ የባቡር መካኒክ ነው። እኔ ደግሞ የአንድ ፋብሪካ መዝገብ ቤት ሠራተኛ፤ ወረቀት ሳላይ ከዋልኩ እህል የማይወርድልኝ።

ጫቱ ላይ ወሬ ሲያልቅብን ጋሽ ሙሉጌታ አንድ ጨዋታ ፈጠሩ። እሳቸው ይተርካሉ፣ እኛ ኮንትሮባንዲስት እንሆናለን። "ከጅቡቲ ተነስታችኋል፤ አምስት ግመል ጨርቅ ጭናችኋል፤ ፊት ለፊት ኬላ አለ። ምን ታደርጋላችሁ?" እኛ የምናደርገውን እንናገራለን፣ አራት ቆርኪ እንወረውራለን፣ እሳቸው ቆርኪውን አይተው ይፈርዳሉ። ድሬዳዋ የገባ አሸነፈ።

እኔ አንድም ቀን ገብቼ አላውቅም!

"ተወርሷል!"

"ለምን ጋሽዬ?"

"ግመልህ አሳለ።"

"ግመል ማሳል ክልክል ነው እንዴ?"

"ነው።"

"የት ተጽፎ?"

"ፈታሽ ዘዴውን ለኮንትሮባንዲስት ሲያስነብብ አይተህ ታውቃለህ?"

አብዲ "አቦ ተወው! ሳታውቀው አይደል የሚጥመው?" ይለኛል። በምን አንጀቴ ልተወው? በሕይወቴ አንዲት ዶሮ እንኳ አርብቼ አላውቅም፤ እዚያ ቤት ግን ስንት መንጋ ግመል ተወርሶብኛል። ያን ጊዜ መወረስ ብርቅ አልነበረም፣ ግን ሰው በምኞቱም ይወረሳል?

ስጨቀጭቃቸው፣ ስጨቀጭቃቸው በመጨረሻ እጃቸውን ሰጡ። እሳቸው ተናገሩ፣ እኔ ጻፍኩ፤ ሃያ ሦስት አንቀጽ ወጣው። በማግስቱ በቢሮው ታይፕ ለያንዳንዳችን አንድ አንድ ቅጂ መታሁ። "ጉዳዩ፦ ኮንትሮባንድ ስለማስገባት" የሚል ርዕስም ሰጠሁት። እዚህ ላይ ባበቃ ጥሩ ነበር... ግን የመዝገብ ቤት ሰው እጅ መች ያርፋል! አራተኛ ቅጂ መታሁና፣ ቁጥር ሰጥቼ፣ ቀን ጽፌበት፣ ፋይል ውስጥ አስቀመጥኩት። አያችሁልኝ? ራሴ ላይ ማስረጃ አዘጋጅቼ፣ እንዳይጠፋ ብዬ መዘገብኩት!

ፋይሉን ማን ገልጦ ለቀበሌ እንዳቀበለው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ሐሙስ ዕለት ጠመንጃ የያዘ አብዮት ጥበቃ መጥቶ ሦስታችንንም ወደ ቀበሌ ነዳን። ሊቀመንበሩ ወፍራም፣ ላብ በላብ የሆኑ ሰው ናቸው። አራተኛዋ ቅጂ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግታለች።

"ጓድ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ጨዋታ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።"

"ጨዋታ የፋይል ቁጥር አለው?"

ሊቀመንበሩ ቁጥሩን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት።

"ጨዋታ መሆኑን አሁኑኑ ካላሳያችሁኝ ነገ ወደ በላይ አካል ትተላለፋላችሁ።"

በዚያ ዘመን "ወደ በላይ" መተላለፍ ምን ማለት እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል። ስቀልድ አይደለም። ልጆቼ ፊቴ ላይ ድቅን አሉ። አብዲ በጆሮዬ "ዋሪያ፣ አንተና ወረቀትህ!" አለኝ።

ያዳኑን ጋሽ ሙሉጌታ ናቸው። "ጓድ ሊቀመንበር፣ ራስዎ ተጫውተው ይዩት" አሉ። ከቀበሌው መዝናኛ ክበብ አራት ቆርኪ መጣ። ሊቀመንበሩ "ለምርመራ ያህል" ብለው ኮንትሮባንዲስት ሆኑ።

"አምስት ግመል ጨርቅ ይዘው አዲጋላ ደርሰዋል። ኬላ አለ" አሉ ጋሽ ሙሉጌታ።

"ግመል ምን ያደርግልኛል? በባቡር ነው የማስገባው።"

"ባቡሩ ይፈተሻላ!"

"ይፈተሽ። ጨርቁን ሴቶቹ ይለብሱታል፤ እያንዳንዷ ሰባት ድርብ።"

ጋሽ ሙሉጌታ ቆርኪውን ወደ ላይ እንዳነሱ ቀሩ።

"እሺ... ሬዲዮስ? ሬዲዮ አይለበስም።"

"ሽንሌ ሳይደርስ ባቡሩ ሲያዘግም በመስኮት ይጣላል። ታች ሰው ይጠብቃል።"

"አይሰበርም?"

"በፍራሽ ተጠቅልሎ!"

እኔ፣ ያ የማይማረው እኔ፣ ዝም አልልም መቼም፤ "ምን ዓይነት ፍራሽ?" ብዬ ጠየቅኩ።

"የጥጥ ነዋ! የስፖንጅ ያነጥረዋል፤ እኔ ራሴ ሁለት..."

አብዲ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። አብዮት ጥበቃው የግቢው በር መዘጋቱን ለማየት ይመስላል፣ ቀስ ብሎ ወጣ።

"...ያነጥረዋል ተብሎ ይገመታል" አሉ ሊቀመንበሩ፣ ግንባራቸውን በመሐረብ እየጠረጉ። ከዚያ ድንገት ጠረጴዛውን መቱት። "ይሄ ጨዋታ ነው!"

"ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር!" አልን ሦስታችንም።

"ንጹሕ ጨዋታ ነው! ሰው በጨዋታ መሃል ብዙ ነገር ይናገራል!"

"ወላሂ ይናገራል!" አለ አብዲ።

ወረቀቷ ላይ "ጨዋታ መሆኑ ተረጋግጧል" ብለው ጻፉ፣ ፈረሙ፣ ማህተም አሳረፉባት። እንደዚያ በፍጥነት የተጠናቀቀ የቀበሌ ጉዳይ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

ከግቢው ወጥተን እፎይ ከማለታችን ጋሽ ሙሉጌታ አንዲት የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ቆሙና ራሳቸውን ያዙ።

"ሃያ ዓመት! ሃያ ዓመት ሙሉ እነዚያ ሴቶች በዚያ ሙቀት ለምን እንደሚወፍሩ አልገባኝም ነበር!" አሉ። ወዲያው ዓይናቸው በራ። "በል አንተ፣ እርሳስህን አውጣ። አንቀጽ ሃያ አራት..."

ወደ ቀበሌው በር ዘወር ብዬ አየሁ። ሊቀመንበሩ በመስኮት እያዩን ነው።

"የምን እርሳስ ጋሽዬ?" አልኳቸው ጮክ ብዬ። "እኔ እኮ መሠረተ ትምህርት ገና ልመዘገብ ነው!"