ሳማ በገጽ አርባ ሦስት

«ደብረ ኤልያስ ላይ አንዲት ልጅ ልብ ወለድ አንብባ ጠፋች አሉ።»

ይህን ያሉት የከተማችን የወጣቶች ጉዳይ ኃላፊ አቶ እንዳላማው ናቸው። መጀመሪያ በጥቅምት ተናገሩት። በኅዳር ሲደግሙት ልጅቱ የደብረ ወርቅ ሆነች። በታኅሣሥ ልጆቹ ሁለት ሆኑ። በጥር ስብሰባ ላይ የአንደኛዋ አባት በቅሎም አብራ ጠፍታ ነበር፤ በቅሎዋ ምን አንብባ እንደ ሆነ ግን አልተገለጠልንም። ኃላፊ የሚናገረው ወሬ ሲደጋገም እውነት ይሆናል፤ ሲረዝም ደግሞ ጥናት ይባላል።

በዚህ ጥናት መነሻነት «ለታዳጊዎች የሚመጥኑ ልብ ወለዶችን መርምሮ የሚጠቁም ኮሚቴ» ተቋቋመ። ከደብረ ማርቆስ ለንባብ ክፍላችን አንድ ካርቶን መጽሐፍ መጥቶ ነበር፤ በቁጥር አርባ። አብሮት የመጣው ደብዳቤ ግልጽ ነው፦ ለታዳጊ የሚሆኑት ተለይተው ዝርዝራቸው ይላክ፤ በዝርዝሩ ያልገባ መጽሐፍ ሰኔ ሠላሳ ተመልሶ ለሌላ ወረዳ ይሰጣል።

አርባ ቀጫጭን መጽሐፍ ለመለየት አምስት ወር። እኔ ክፍሉን የምጠርግና ቁልፉን የምይዝ ስለ ነበርሁ፣ ኮሚቴው ከመቋቋሙ በፊት በሦስት ሳምንት ጨርሻቸዋለሁ። ሆኖም ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠች ሴት ማንበብ እንጂ መጠቆም አይፈቀድላትም። ስለዚህ ቃለ ጉባኤ ያዥ አደረጉኝ።

ኮሚቴው የመጀመሪያ ሥራው ያደረገው ካንባቢ እጅ መጽሐፍ መቀማት ነው። አንባቢዋ ፀደንያ ናት፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ። ከመማሪያ መጽሐፍ ውጭ በሕይወቷ የጀመረችው የመጀመሪያ መጽሐፍ ነበር፤ ብስክሌቷን የተሰረቀች አንዲት የከተማ ልጅ ሌባውን ስታሳድድ። ፀደንያ ገጽ አርባ ሁለት ላይ ደርሳ፣ የመጽሐፏ ልጅ የሌባውን አጥር ልትዘል እግሯን እንዳነሣች፣ መጽሐፉ ለምርመራ ተወሰደ። ከዚያ በኋላ በየረቡዑ ከስብሰባው በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። «ዘለለች?» ትለኛለች። «የጉባኤ ምሥጢር ነው» እላታለሁ። ያቺ ምስኪን ልጅ እግሯን እንዳነሣች ወራት አለፉ።

አባላቱ ሦስት ናቸው። ሰብሳቢው አቶ እንዳላማው፤ የወላጆች ተወካይ ወይዘሮ የብርጓል፣ ሰባት ልጅ ያሳደጉ፤ የሥነ ጽሑፍ ባለሙያ ደግሞ የቅኔ መምህሩ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል። በመክፈቻው ዕለት ሰብሳቢው ወጣት የዛሬ አበባ የነገ ፍሬ መሆኑን ለአርባ ደቂቃ አስረዱ። ወይዘሮ የብርጓል አበባ ንብ ካልነካው እንዴት አድርጎ ነው የሚያፈራ ብለው ጠየቁ። ጥያቄው በይደር ተያዘ።

አሠራሩም ተነደፈ። አንድ አባል መጽሐፍ ይዞ ቤቱ ቢገባ ለብቻው ሊበላሽ ስለሚችል፣ ቢበላሹ እኩል እንዲበላሹ እኔ ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ እነሱ ይሰማሉ። በሳምንት ሦስት ገጽ እንኳ ከሄድን ትልቅ ነገር ነው። ሚያዝያ ላይ ገጽ አርባ ሦስት ደረስን።

«አጥሩን ስትዘል ሳማ ለበለባት» ብዬ አነበብሁ።

መሪጌታ እጃቸውን አነሡ። «ቆይ። ድገሚልኝ።»

ደገምሁ። ሠለስሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

«ወርቅ አለው» አሉ። «ሰሙ ሳማ፣ ቅጠሉ። በ‹ሳማ› ውስጥ ግን ‹ሳመ› አለ። ወርቁ መሳም ነው። ይህ ዝም ብሎ የተጻፈ አይደለም።» ነጠላቸውን አደግድገው ተነሡ፤ ተማሪዎቻቸው ይጠብቋቸዋልና ሁልጊዜም ከውሳኔ በፊት ነው የሚወጡት።

አቶ እንዳላማው ፊታቸው አመድ መሰለ። «መሳም?»

«ሳማ ነው እንጂ» አሉ ወይዘሮ የብርጓል። «እኔንም ትናንት ከጓሮ ለብልቦኛል።»

«ማን?»

«ሳማው ነዋ።»

«ወይዘሮ የብርጓል፣ ወደ ግል ጉዳይ አንግባ።» ወደ እኔ ዞሩ። «ያዢ።»

«‹ወርቅ ተገኘ› ልበል?» አልሁ።

«እንዴት ተብሎ! ወርቅ ተገኘ ብለሽ በመንግሥት ወረቀት ከጻፍሽ ነገ ማዕድን የሚቆፍር ይላክብናል። ‹ስውር መልእክት ተገኘ› በይ።»

አልሁ። እጅ ጽሑፌ ያምራል፤ ስሕተት እንኳ ሲጻፍበት ደስ ይላል።

ከዚያ ወዲያ ሥራው ፈጠነ። አደጋው መኖሩ አንዴ ስለ ተረጋገጠ መጽሐፉን ሁሉ ማንበብ አላስፈለገም፤ ከየመጽሐፉ አንድ ገጽ ከፍቼ ለመሪጌታ አነባለሁ። እሳቸው ጥቂት ያስባሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ «ወርቅ አለው» ይሉና ይሄዳሉ። ሰብሳቢው «ስውር መልእክት» ያስጽፋሉ። ስለ ዝናብ የሚያወራው አለው። ስለ ሁለት እኅትማማቾች የሚያወራው አለው። አንድ ቀን መሪጌታ የምን ወርቅ እንዳዩ እንጠይቃቸው ብዬ ነበር፤ ቃለ ጉባኤ ይጻፋል እንጂ አይናገርም ተባልሁ።

አርባኛው መጽሐፍ ልብ ወለድ አልነበረም። በስሕተት ካርቶኑ ውስጥ የገባ የዶሮ እርባታ መመሪያ ነው። ስለ ጫጩት ተቅማጥ ግማሽ ገጽ አነበብሁላቸው። መሪጌታ አዳመጡና አፋቸውን አጣመሙ።

«ይኼ ባዶ ነው።»

«እፎይ!» አሉ አቶ እንዳላማው። «ከስውር መልእክት ነጻ!»

ሰኔ ሃያ ስምንት ቀን ዝርዝሩ በማኅተም ወጣ። ለታዳጊዎቻችን የተጠቆመው ልብ ወለድ አንድ ነው፤ እሱም ዶሮን ከፈንግል እንዴት መጠበቅ እንደሚቻል ያስተምራል። ሠላሳ ዘጠኙ በቀነ ገደቡ ተጫኑ። ኮሚቴው አንድም ልጅ ሳይጠፋ ሥራውን በማጠናቀቁ ራሱን አመሰገነ። ፀደንያ መመሪያውን ተቀብላ አገላበጠችው፣ ጠረጴዛዬ ላይ በቀስታ አስቀመጠችው፣ «ለእናቴ እነግራታለሁ፣ ዶሮ አላት» ብላኝ ወጣች። ሁለተኛ ወደ ንባብ ክፍሉ አልመጣችም።

ሐምሌ ላይ ከፀደንያ ጋር ገበያ መንገድ ስንሄድ መሪጌታን አገኘናቸው። ኮሚቴው ሥራውን ስለ ጨረሰ፣ የሳማውንና የመሪጌታን ወርቅ ነገር ነግሬያት ነበር። ካርቶኑ ያን ጊዜ ለሌላ ወረዳ ተፈርሞ ከደብረ ማርቆስ ከወጣ ሳምንት አልፎታል። እኔ እጅ ነሥቼ ላልፍ ነበር። ፀደንያ ግን ቆመች።

«የኔታ፣ ያ ሳማ ምን አደረገዎት?»

መሪጌታ ፊታቸው በራ። «የብስክሌቷ ልጅ! ወየው፣ እንዴት ያለ ነገር ነው! ‹የሳመ ሁሉ አይወድም፣ የሚለበልብም አለ› ማለቱ እኮ ነው። ላንቺ ዕድሜ ከዚህ የበለጠ ምክር የት ይገኛል? ጨረስሽው?»

«እርስዎ አይደሉ ያስከለከሉኝ?»

«እኔ?» አሉ መሪጌታ፤ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አዩ። «ልጄ፣ ቅኔ ቤት የሚጣለው ባዶው ነው። ሠላሳ ዘጠኝ ጊዜ ‹ወርቅ አለው› ብዬ የመሰከርሁት፣ ሁሉንም ስጧቸው ብዬ ነው እንጂ።»