ጋሽ ይቅርብን እና የጥጓ ጠቋሚ

ሦስት ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ አንዱ ይቅርብን ባይ ነው። መስኮት እንክፈት ብትሉት ብርድ ይፈራል፣ እንዝጋው ብትሉት ይታፈናል። የእኛው ግን የዚህ ወገን አለቃ ናቸው፤ ክቡር ጋሽ ይቅርብን።

ፊታቸውን አይቼው አላውቅም። በየቤታችን ሆነን አንድ የኮምፒውተር መጻፊያ ፕሮግራም የምንሠራ ሰዎች ነን፤ ማንም በነጻ ይወስደዋል፣ የቻለም ከፍቶ ያሻሽለዋል። አዲስ ነገር የሚገባው በኢንተርኔት ተከራክረን ሁላችንም ስንስማማ ነው። ሁላችንም ማለት ጋሽ ይቅርብን ማለት ነው።

ነገሩ በእህቴ ተጀመረ። መምህርት ናት። በዚሁ ፕሮግራም የፈተና ጥያቄ ስታዘጋጅ የአሮጌ ኮምፒውተሯ ሚሞሪ ይሞላና ቀጥ ይላል፤ ሁለት ጊዜ ሥራዋን ውሃ በላው።

«ቀጥ ከማለቱ በፊት የሚነግረኝ ነገር መሥራት አቅቶህ ነው? አንተ ደሞ ባለሙያ!» አለችኝ።

ነገሯ ከነከነኝ። ሚሞሪው ሊሞላ ሲል የምትቀላ፣ ከጥፍር የማትበልጥ ጠቋሚ በገጹ ጥግ ሠርቼ፣ ማንም እንዲሞክራት አቀረብኩ።

«ይቅርብን» አሉ ጋሼ። «ሰው ሊጽፍ ነው የከፈተው ወይስ ጥግ ጥጉን ሊያይ? ደሞ እሷ ራሷ ሚሞሪ አትበላም? ሌባን ዘበኛ ማድረግ ነው!»

በግማሽ አቀለልኳት። «ቀዩ ያስደነግጣል።» ቢጫ አደረግኳት። «ቢጫው አይታይም።» ቁጥር ጨመርኩላት። «ቁጥር ማን ያነባል? ይቅርብን!» በአራት ወር መቶ አራት ደብዳቤ ጻፉልኝ። ባለቤቴ ቁርስ ስታቀርብ «ዛሬስ ሰውዬህ ምን አሉ?» ማለት ለመደች።

የፕሮግራሙ አዲስ እትም ዓርብ ሊዘጋ ነው። ካመለጠን ሌላ ዓመት መጠበቅ ነው፤ የእህቴ ፈተና ደግሞ በወሩ መጨረሻ። ሐሙስ ጠዋት ተስፋ ቆርጬ ሳለ ጋሼ ስለ ሌላ ብልሽት ጻፉ፤ የገጽ ቁጥሮች ተደራርበውባቸዋል። ለማስረጃ የኮምፒውተራቸውን ገጽ ፎቶ አንስተው አያይዘዋል። እውነትም ተደራርበዋል። ጥጉ ላይ ግን ጠቋሚዬ ቁጭ ብላለች፤ ከነቁጥሯ!

«ጋሼ፣ ጥጉ ላይ ያለችው ማን ናት?» ብዬ ጻፍኩ።

አስቀይሜያቸው ይሆን ብዬ ተጨነቅሁ። ከሰዓት በኋላ መልሳቸው መጣ።

«ልፈትናት ብዬ ነው። አራት ወር ሆነኝ። አንድም ቀን ኮምፒውተሬ ቀጥ አላለም። ትግባ።»

ገባች። እህቴም ጥያቄዋን በሰላም ጨረሰች፤ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ሰኞ ቁርስ ቀረበ። ደብዳቤ የለም። ማክሰኞም የለም። ቁርሴን ሳልነካ ተነሣሁ፤ ለካ ሰውዬውን ወድጃቸዋለሁ። ረቡዕ ጠዋት ኮምፒውተሬን ከፍቼ «ጠቋሚዋ ሚሞሪው ሲሞላ ደወል ብትደውልስ?» ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ። ደወሉን እኔም አልፈልገውም።

አሥር ደቂቃ አልሞላም።

«ይቅርብን!»

ቁርሴን በላሁ።