ባሻይን ዝም ያሰኘች ምላጭ

እኔ ብዙ አላወራም። ለአንድ ቤት አንድ ወሬኛ ይበቃል፤ ያንን ሥራ ባለቤቴ ለተብርሃን ይዛዋለች። ዛሬ ግን ስለ አንዲት ብረት ትንሽ ላጫውታችሁ። ጣት የምታክል ብረት ናት። በዕድሜዬ ብዙ ብረት አይቻለሁ፤ እንደሷ ያለ ጨዋ ግን አልገጠመኝም።

የኔ ጢም ደረቴ ላይ ይደርስ ነበር። ራሴ መላጣ ነው፤ ያለኝ ጠጉር ሁሉ እዚያ ነበር የተጠራቀመው። ለምን አሳደግኸው ብትሉኝ፣ መላጨት ስለምፈራ ነው። ድሮ እንዴት ነበር የምንላጨው? ምላጭ ያለው ጎረቤት ትለምናለህ። ሰውዬው ምላጩን ቁርበት ላይ ወዲህ ወዲያ ያደርገዋል። ቀዝቃዛ ውኃ ፊትህ ላይ ይረጫል። ከዚያ እንደሚገፍፉት በግ ይይዝሃል። ምላጭ የታጣ እንደሆነ የጠርሙስ ስባሪ አለ። በጎልማሳነቴ ከላስታ መቐለ የገባሁ ሰሞን አንድ ቀን በጠርሙስ ተላጨሁ። ከዚያ ወዲያ ጢሜን እንደፈቀደው ተውኩት።

ጢም ደግሞ ለካ ሥራ አለው። ሰው ሲጣላ፣ ሰው ሲጋባ፣ "ኣቦይ ደምሴን ጥሩ" ይባላል። እሄዳለሁ። እቀመጣለሁ። ሌሎቹ ይናገራሉ። እኔ ጢሜን ከላይ ወደ ታች አንድ ጊዜ ዳበስ አደርጋለሁ። "ኣቦይ ደምሴ እያሰቡበት ነው" ይባላል። እውነቱን ልንገራችሁ? ብዙ ጊዜ የማስበው ስለ ምሳ ነበር። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ፤ በጢም በተሸፈነ አፍማ ከየት ይገባል?

ያኔ ጣሊያን ከወጣ ብዙም አልቆየ። አንድ ትልቅ ጉዳይ ይዞን ነበር። የለተብርሃን ወንድም ልጅ ሓጎስ፣ አባቱ ከሞተ በኋላ እኛ ያሳደግነው፣ የባሻይ ወልዱን ልጅ ምጽላልን ወደደ። እሷም ወደደችው። ሓጎስ የመኪና ጠጋኝ ነው። ቀኑን ሙሉ ከመኪና ሥር ተኝቶ ይውላል፤ ማታ ሲመጣ ቤቱ ጋዝ ጋዝ ይሸታል። ባሻይ ደግሞ የአሥራ ሁለት በቅሎ ጌታ ነው፤ ከቆላ የሚወጣውን ጨው የሚጭን። ታዲያ መኪናው መጥቶ ጨዉን ጠራርጎ መጫን ሲጀምር፣ በቅሎዎቹ ደጅ ቆመው ጭራቸውን መወዝወዝ ሆነ ሥራቸው። ባሻይ መኪና ሲያልፍ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል።

ሽማግሌ ሆነን ሦስት ሰው ሄድን፤ አንድ ቄስ፣ አንድ የጨው ነጋዴና እኔ። "ልጄን ለብረት አልድርም" አለን። ሌላ ቀን ደግመን ሄድን። ያን ጊዜስ ወደኔ ዞሮ፣ "አንተ ደምሴ፣ ገመድህን የምትሸጠው ለኔ በቅሎ አይደለም ወይ? ለማኪና ልትማልድ መጣህ?" አለኝ። ጢሜን ዳበስኩ። አልረዳኝም።

ሦስተኛው ቀጠሮ ለእሑድ ሆነ። ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ከተመለሰ አራተኛ የለም፤ ነገሩ እዚያ ላይ ይቆረጣል። ሓጎስ እህል አልወርድለት አለ። ለተብርሃን በየቀኑ፣ "ኣንታ ሰብኣይ፣ በእሑዱስ አንድ ቃል ተናገር" ትለኛለች።

እንግዲህ ወደ ብረቷ ልምጣ።

እንጀራዬ ገመድ ነው። ቃጫውን ጭኔ ላይ እያሸሁ እፈትላለሁ፤ ከዚያ እገምደዋለሁ። ያን ሰኞ ገበያ ነው፤ ደንበኛ ቆሞ ይጠብቀኛል። ስቸኩል፣ ጎንበስ ብዬ ስገምድ፣ ጢሜ ከቃጫው ጋር አብሮ ተገመደ። ነጭ በነጭ ነው፣ እንዴት ይለያል? አላወቅሁም። ደንበኛው፣ "እስቲ ጥንካሬውን ልየው" ብሎ ጫፉን ይዞ ሳብ አደረገው። እኔም አብሬ ሄድኩ። ሰውዬው ገመዱ ነው ብሎ ደግሞ ሳበ። ገበያተኛው ሳቀ። አንዱማ፣ "ኣቦይ፣ ገመዱን ከነባለቤቱ ነው የሚሸጡት?" አለኝ። በመቀስ ቆርጠው ለዩን። የጢሜ እኩሌታ ገመዱ ውስጥ ቀረ። ሰውዬውም ደስ ብሎት ይዞት ሄደ፤ ጠንካራ ነው ብሎ።

የቀረኝ ጢም ፍየል የጋጠችው ቁጥቋጦ መሰለ። ያን ይዤ የት እደርሳለሁ? ያገሬ ሰው ሰይድ ዘንድ ሄድኩ። ሰይድ ከወሎ የመጣ ነጋዴ ነው፤ ጣሊያን ጥሎት የሄደውን ዕቃ ይሸጣል፤ ቁልፍ የሌለው ሳጥን፣ ሳጥን የሌለው ቁልፍ። አይቶኝ ሳቁን ዋጠና አንዲት ትንሽ ቆርቆሮ ከፈተ።

ሦስት ቁራጭ ብረት ናት። አንዱ እጀታ። አንዱ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያለው። አንዱ እንደ ጣሪያ ከላይ የሚከደን። ከመሃላቸው እንደ ቅጠል የሳሳች ምላጭ ትተኛለች፤ እጀታውን ስታጠብቀው ሦስቱ አንድ ይሆናሉ። ምላጯ ከዚያም ከዚህም ጠርዟን ብቻ ብቅ ታደርጋለች፤ በመጋረጃ እንደምታይ ሙሽራ። ጥርሶቹ ቆዳውን ገፋ አድርገው ይይዙላታል። ጠጉሩን ትወስዳለች፤ ሥጋውን አትደፍርም። ሥራዋ ያ ነው። ወረቀቷ ላይ ጽሑፍ ነበረበት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩ፣ ሰይድ የሚያነበው ዓረብኛ ነው። እና በቃል ነገረኝ፦ "ጋሼ ደምሴ፣ አደራ አትጫኗት። ክብደቷ ይበቃታል። አንቱ ያዟት እንጂ አትግፏት።" በሦስት ገመድ ለወጥኳት። አንድ ድቡልቡል ሳሙና መረቀልኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ለተብርሃን ውኃ ልትቀዳ ወጣች። እኔ ውኃ አሞቅሁ። ሓጎስ አንድ ቀን ያመጣልኝ የመኪና መስታወት አለ፣ ጥጉ የተሰበረ፤ እሱን ግድግዳ ላይ አስደገፍኩ። የሳሙናው ብሩሽ ሰይድ ዘንድ አልነበረም። ገመድ ሠሪ ምን ቸገረው? ከቃጫ አንድ ጭብጥ አሰርኩ፤ ውኃ ውስጥ ነክሬ በድንጋይ ቀጥቅጬ አለሰለስኩት። ሳሙናውን ስመታው አረፋው እንደ ጠላ ገነፈለ። ፊቴን ስቀባው ሙቀቱ እስከ ጆሮዬ ደረሰ። እኔ'ኮ ፊቴ ሙቀት እንደሚወድ አላውቅም ነበር! ስንት ዘመን ተሸክሜው ስዞር።

መጀመሪያ ተጫንኳት። የለመድኩት ጉልበት ነዋ። ትንሽ ጫረችኝ፤ "ነገርኩህ አይደል?" እንደምትል። ከዚያ እጄን አላላሁ። ትሪሪሪ እያለች ወረደች። በሄደችበት አረፋው ይጠረጋል፤ ከሥሩ አዲስ ሰው ይወጣል። ደም የለም። እንባ የለም። እጄን ጉንጬ ላይ ሳሳልፈው የሕፃን ጉንጭ የነካሁ መሰለኝ። ብቻዬን ሳቅሁ። ባለ ሙያ ጮሆ አይሠራም፤ ይቺ ብረት ባለ ሙያ ናት።

ደስ ብሎኝ ውኃውን ልደፋ ወደ ደጅ ወጣሁ። ያኔ ነው የእሑዱ ሽምግልና ትዝ ያለኝ። በየትኛው ጢም ነው የምሄደው? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው።

ይኼን እያሰብኩ ቀና ስል ጎረቤታችን ኣደይ ምሕረታ ከአጥሩ በላይ አየችኝ። ራሴ መላጣ፣ ፊቴ ሙልጭ ያለ። እኛ ዘንድ አንድ ሰው ድንገት እንዲህ ተላጭቶ ከታየ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ሞቶበታል። "ወይለይ!" ብላ ጮኸች። "ኣቦይ ደምሴ፣ ከላስታ መርዶ መጣ?" እኔ መልስ ለመስጠት ቃል መምረጥ ጀመርኩ። ቃሉን እስክመርጥ ሦስት ቤት አዳርሳ ነበር።

ሰው ጎረፈ። ነጠላውን አዘቅዝቆ እየመጣ፣ "ጽንዓት ይሃብካ" እያለ ያጽናናኛል። አፌን ልከፍት ስል አንዱ አቅፎኝ ያለቅሳል። እሱን ዝም ላሰኝ ስል ሌላው ይጀምራል። በመሃል ጎትተው ከሐዘንተኛ ቦታ አስቀመጡኝ።

ከዚያ ለተብርሃን ማሰሮዋን አዝላ መጣች። ቤቷ ለቅሶ ነው። ዓይኗ ወዲያው እኔን ፈለገ፤ የሚታያት አንድ የማታውቀው መላጣ ሰውዬ ብቻ ነው፣ እመደቡ ላይ የተቀመጠ። ባል የለም፤ የባል ወንድም የሚመስል ሰው ከሐዘን ቦታ ተቀምጧል። ነገሩ ገባት። ማሰሮዋን ለቀቀችው።

"ወይ ደምሴየ!" አለች። "ቃሉ እንደ ገመዱ የማይበጠሰው! ክፉ ከአፉ የማይወጣው! ቤቴን በዝምታ የሞላው!"

ወዳጆቼ፣ አልዋሻችሁም። ወዲያው መናገር ነበረብኝ። ግን በትዳራችን ዘመን ሁሉ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ትንሽ ይጨመርልኝ ብዬ ዝም አልኩ። መልኬን ማመስገን ስትጀምር ግን ውሸቱ በዛብኝ።

"ለተ፣ እኔ ነኝ" አልኩ።

ቀረብ ብላ አገጬን ይዛ ወዲያና ወዲህ አዞረችው። ከጋብቻችን በፊት ጀምሮ ጢም ነበረኝ፤ አገጬን አይታው አታውቅም። ከዚያ ነጠላዋን ጠቅልላ ወገቤን ትለው ጀመር። "በቁምህ ለቅሶህን ትሰማለህ! ማሰሮዬን ክፈል!" እያለች። ሰው ግማሹ ሳቀ፤ ግማሹ ተቆጣ። ኣደይ ምሕረታ፣ "ያፈሰስኩትን እንባ ማን ይመልስልኛል?" አለች።

በዚህ መሃል በሩ ጨለም አለ። ባሻይ ወልዱ ነው። ለቅሶ ነዋ! የተጣላም ቢሆን ለቅሶ አይቀርም። ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ "ማን ነው የሞተው?" አለ።

"ጢሙ ነው፣ ባሻይ" አለች ለተብርሃን። "ሰው አልሞተም።"

ባሻይ ይቆጣል ብዬ ፈራሁ። እሱ ግን ጉንጬ ላይ ቀረ ዓይኑ። ባሻይ ሪዙን አሳድጎ ጉንጭና አገጩን የሚላጭ ሰው ነው፤ ጎረቤቱ በዶለዶመ ምላጭ እየፈጨው አንገቱ ሥር ሁልጊዜ እንደቆሰለ ነው። ጣቱን ሰደድ አድርጎ ዳሰሰኝ። "ደም የታለ?" አለ። "የለም" አልኩት። "አላመመህም?" "አላመመኝም።" ምራቁን ዋጥ አደረገና፣ "እስቲ" አለ፤ ተቀመጠ። "ሪዜን እንዳትነካ ብቻ።"

ሰው ሁሉ ከበበን። ለቅሶ የመጣ ሰው መላጨት አይቶ ሊሄድ ነው። ውኃውን አሞቅሁ፣ ሳሙናውን መታሁ፣ ቀባሁት። ሙቀቱ ሲይዘው ትከሻው ወረደ። አንዱን ጉንጭ ጨረስኩ። ዓይኑን ጨፈነ። እዚያው በሩ ጋ ሓጎስ ከሥራ ሮጦ መጥቶ፣ እጁ ጥቁር፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ቆሟል። አየሁት። አንጀቴን በላው።

የባሻይን አገጭ ቀና አደረግሁ። ምላጯን ጉሮሮው ላይ አስቀመጥኩ። ያኔ ቃሉ ሳልመርጠው መጣልኝ።

"ባሻይ" አልኩት፣ "አፍህ አረፋ ይገባበታልና አትናገር። ምጽላልን ለሓጎስ እንለምንሃለን። አልሰጥም ካልክ ራስህን ነቅንቅ።"

ባሻይ ዓይኑን ከፈተ። እኔን አየ። ሰዉን አየ። ዓይኑን ዝቅ አድርጎ ብረቷን ሊያይ ሞከረ፤ አልቻለም። እኔ አልቸኮልኩም። ቀስ ብዬ ወደ ላይ አወጣኋት፤ ትሪሪሪ። መልሼ አወረድኳት። ራሱ እንደ ሐውልት ቀጥ አለ።

"አልነቀነቀም!" አለች ኣደይ ምሕረታ። "አይተናል!" አለ ሌላው። ለተብርሃን እልል አለች። ሲያለቅስ የነበረ ቤት ሁሉ ተቀበላት።

ባሻይ ፊቱን ታጥቦ ተነሣ። መስታወቱ ዘንድ ሄዶ አንገቱን ዳበሰ፣ ደገመ፣ ሠለሰ። በመጨረሻ ወደ ሓጎስ ዞረ። "ይኼም የጣሊያን ብረት ነው?" አለው። ሓጎስ ፈርቶ፣ "አዎ፣ ባሻይ" አለ። "ብረትም እንዲህ ይለሰልሳል እንዴ?" አለና፣ "እሑድ በወጉ ኑ" ብሎ ባርኔጣውን ደፋ።

እሑድ በወጉ ሄድን። እኔ ያለ ጢም። ባሻይ በሰዉ ፊት እሺ አለ፤ ጠላ ቀረበ፤ ቄሱ ባረኩ። ሰው ሲበታተን ባሻይ ጎትቶ ወደ ጓዳ ወሰደኝ።

"ደምሴ፣ ልጅቷን በደስታ ነው የሰጠሁት፤ ነገሩ አልቋል" አለኝ። "ግን እውነቱን ንገረኝ። ያን ጊዜ ራሴን ብነቀንቅ ኖሮ ጉሮሮዬ ይቆረጥ ነበር?"

ብረቷን ከኪሴ አውጥቼ ጥርሶቿን አሳየሁት። "ይቺ'ኮ ሥጋ አትደፍርም" አልኩት። "ቢበዛ ትጭርህ ነበር።"

ባሻይ ብረቷን ተቀብሎ በአውራ ጣቱ ጥርሶቿን አንድ በአንድ ቆጠረ።

"ታዲያ በዚያን ጊዜ ለምን አልነገርከኝም?" አለኝ።

"እንዳትናገር ብዬህ ነበራ" አልኩት። "አልጠየቅኸኝም።"