መጠጥ መተው በድብቅ

እኔ የምለው፣ በአደባባይ ሲጠጣ የኖረ ሰው መጠጥ ሲተው የሚደበቀው ለምንድን ነው? ላሊበላ ውስጥ ጠላ ቤቱን ከብልባላ አህያ እየነዳ የመጣ እንግዳ እንኳ ሳይጠይቅ ያገኘዋል። መጠጥ የተዉ ሰዎች የሚሰበሰቡበትን ቤት ለማግኘት ግን እኔ፣ የአገሩ ልጅ፣ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።

በመጨረሻ አንድ አስጎብኚ ጓደኛዬ እንደ ሌባ ግራ ቀኙን እያየ ጋሽ መኮንን ቤት ወሰደኝ። አምስት ሰዎች በጋቢ ተሸፋፍነው ተቀምጠዋል። ሁሉም የጠላ ቤት ወዳጆቼ!

ገና ሳንጀምር የጋሽ መኮንን ባለቤት እትዬ ዘውዴ ማሰሮ ሙሉ ጠላ ይዘው ገቡ። ማኅበር ነው ተብለው የለ? ማኅበርተኛ ደግሞ ጉሮሮው ደርቆ አይሸኝም።

"መድኃኒት ይዣለሁ" አለ አንዱ። "ጨጓራዬን" አለ ሌላው። ሦስተኛው በንስሐ አባቱ አሳበበ። እኔ ዘንድ ሲደርሱ ሰበቡ ሁሉ አልቋል።

"እትዬ፣ ጠጪ ነበርሁ፤ ትቻለሁ። ሁላችንም ለዚሁ ነው የመጣነው።"

እትዬ ዘውዴ ወደ ባላቸው ዞሩ። "አንተም?"

"ሁለት ወር ሆነኝ" አሉ ጋሽ መኮንን አንገታቸውን ደፍተው።

"ምነው ብትነግረኝ! እኔማ ጋኑ አልጎድል ቢለኝ፣ ቄስ ጠርቼ ጠበል ላስረጭበት ነበር!"