የኦም ጋቪ የብቸኝነት ምስክሮች

በዚህ በአህጉራችን ደቡብ ጫፍ ባለው አገር ጎዳና ላይ ብቻውን እንደሚጓዝ ሰው ወሬኛ የለም። ከነቤተሰቡ የሚሄደው ጸጥ ብሎ ይነዳል፤ ኋላ የሚናቆሩት ልጆቹና አጠገቡ ሆና መንገድ የምታሳየው ሚስቱ የመናገር ተራ አይሰጡትም። ብቸኛው ተጓዥ ግን ማደያ ቆሞ ከነዳጅ ቀጂው ጋር ስለ ዝናብ ይከራከራል፤ የማያውቀውን ሰው ጎማ በጫማው መታ መታ አድርጎ "ነፋሱ አንሷል" ይላል፤ ሳይጠየቅ ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚሄድ ይዘረዝራል። ሁላችንንም ካደረቀን በኋላ ደግሞ ሰው እንደሰለቸው ይነግረናል።

የእነዚህ ሁሉ አለቃ፣ የብቸኞች ማኅበር የዕድሜ ልክ ሊቀ መንበር፣ እንደ አጎት አክብረን "ኦም" የምንላቸው ክቡር ጋቪ ሊንክስ ናቸው። የምዕራቡ ደረቅ ምድር የናማኳላንድ ሰው፣ የመዳብ ማዕድን ጡረተኛ፣ አልጋና ምድጃ የተገጠመላት የአንዲት ቢጫ ኮምቢ ሚኒባስ ባለቤት።

ያገኘኋቸው ሳልፈልግ ነው። በዚያ ሰሞን የጋዜጣ ጽሑፌን ለጥቂት ሳምንታት አቁሜ፣ የወንድሜን አሮጌ ኮምቢ ተውሼ፣ ከምዕራቡ ባሕር ወደ ምሥራቁ ልሻገር ተነስቼ ነበር። የምፈልገው ጸጥታ ነው። ፖፋደር የምትባል የበረሃ ከተማ ስደርስ የመኪና ማደሪያው ሜዳ ወፍ የለበትም። ጥግ ላይ ያለችውን ግራር መርጬ ወንበሬን ዘረጋሁ። ሻዬ ሳይፈላ አንዲት ቢጫ ኮምቢ ያን ሁሉ ባዶ ሜዳ አቋርጣ መጥታ አጠገቤ ቆመች። የወረዱት ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አነሳ አድርገው "እኔ ብቻዬን ነኝ፤ ማንንም አላስቸግርም" አሉና ጨው ለመኑኝ።

ጨዉን ስሰጣቸው መኪናዬ ማዘንበሏን አዩ። ከጎማዋ ስር ድንጋይ ሸጎጡ። ወንበሬን ነፋስ ወደማያገኘው ጎን አዞሩት። ከዚያ ቋንጣ እየቆረጡ አካፈሉኝና ሻይ አፈላል እንደማልችል በትሕትና አስረዱኝ።

ፀሐይ ስትጠልቅ ስልካቸው ጮኸ። አነሱና ለእኔ ዘረጉልኝ።

"ልጄ ሮሼል ናት። ብቻዬን መሆኔን መስክሪላት።"

"እዚሁ አብሬዎት ተቀምጬ እንዴት ነው ብቻቸውን ናቸው የምለው?"

"ምስክር አይቆጠርም" አሉ። "ፍርድ ቤት ከሳሽና ተከሳሽ ሲባል ምስክሩን ከማን ጋር ደመሩት?"

ነገሩን በኋላ አጫወቱኝ። ሚስታቸው፣ ሰው ሁሉ እንደ አክስት "ታኒ" የሚላቸው ሲና፣ አምና ሞተዋል። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን እሳቸው ግቢያቸው ውስጥ አዙሯቸው ወደቁ። ኪምበርሊ ከተማ የምትኖረው ሮሼል ኮምቢዋን ሽጠው እሷ ጓሮ ካለችው ክፍል እንዲገቡ ፈለገች። አባትና ልጅ ብዙ ተጨቃጨቁና ውል ገቡ። እሳቸው የማንም እጅ ሳይረዳቸው ከባሕር እስከ ባሕር ይሻገራሉ። በየማታው አንድ ሰው በስልክ ይመሰክራል፤ አንዴ የመሰከረ ደግሞ አይመሰክርም። አንድ ማታ ምስክር ከጠፋ፣ ወይም አንድ ሰው ከረዳቸው፣ ኮምቢዋ ትሸጣለች።

"ኮምቢዬ ከሄደች እኔን ከሮሼል የአበባ ማሰሮ ጎን አስቀምጡኝ" አሉ። ይህን ሲሉ አልሳቁም። እኔም የሰጡኝን ቋንጣ እያኘክሁ ብቻቸውን ናቸው ብዬ መሰከርኩ።

መንገዱ አንድ ስለሆነ ደጋግመን ተገናኘን፤ ያላገኘኋቸው ቦታ ደግሞ ዝናቸው ይጠብቀኝ ነበር። ኩሩማን ላይ ከሰው ርቀው ሊሞሸሩ የመጡ ሁለት ሙሽሮች አግኝተው፣ እሳት አያያዝ አስተምረው፣ ሦስት ሆነው እራት በልተው፣ ሙሽራውን አስመስክረውታል። ሙሽሮቹ ከዚያ በኋላ የጫጉላ ጉዟቸውን ትተው እሳቸውን ተከትለው መንዳት ጀመሩ። ቤተልሔም በምትባል የዚሁ አገር ከተማ አጠገብ ለጉባኤ የሚጓዙ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን አግኝተዋቸው፣ የሴቶቹ ማኅበር በሙሉ ስልኩን ከቦ ኦም ጋቪ ብቻቸውን መሆናቸውን በዜማ ለሮሼል አሰምቷል። አንድ ትራፊክ ፖሊስም መንጃ ፈቃድ ሊጠይቅ አስቁሟቸው መስክሮ፣ የእናቱን የወገብ ሕመም አማክሮ፣ ደረቅ ብስኩት ተሸክሞ ተመልሷል። መንጃ ፈቃዱን የጠየቀው የለም።

እንዲህ እንዲህ እያሉ ሶድዋና ደረሱ፤ እኔም ከሙሽሮቹ ጋር እዚያው የባሕር ዳር የመኪና ማደሪያ ሜዳ ነበርኩ። የሕንድ ውቅያኖስ ፊት ለፊታቸው ተዘርግቷል፤ የቀራቸው ማታ አንድ ነው። ክቡርነታቸው ግን ባሕሩን ከነመኪናዬ ካልነካሁ ብለው ወደ ዳርቻው ነዱና ኮምቢዋ እስከ ሆዷ አሸዋ ውስጥ ተቀረቀረች።

ሞተሩን አስነሱ፤ የባሰ ሰመጠች። አካፋ አውጥተው ቆፈሩ፤ አሸዋው መልሶ ሞላው። ከዚያ አካፋውን ጥለው ገቡና መሪያቸውን ይዘው ተቀመጡ። ከሜዳው የነበርነው ሁሉ፣ ሙሽሮቹና ሁለት ዓሣ አጥማጆች ጭምር፣ ወደ ኮምቢዋ ሄድን።

"ማንም እንዳይነካት" አሉ ኦም ጋቪ በመስኮት። "ብትነኩ ጨረሳችሁኝ።"

"ማን ነካ?" አለ ሙሽራው፣ ጀርባውን ለኮምቢዋ ሰጥቶ። "ደክሞን ነው፤ ትንሽ እንደገፍባት።"

ሁላችንም ደከመን። ባሕሩን እያየን፣ ዘንድሮ ዓሣው መጥፋቱን እያወራን፣ በጀርባችን የፊት መከላከያዋን ተደገፍን። አንደኛው ዓሣ አጥማጅ ድካሙ ስለበረታበት እግሩን ድንጋይ ላይ አስደግፎ ነበር። ኦም ጋቪ እኛን እንዳላዩ ሆነው የኋላ ማርሽ አስገቡና ነዳጁን ረገጡ፤ ኮምቢዋ ዘለለችና ወጣች፤ እኛ በጀርባችን አሸዋው ላይ ተዘረርን። ሽማግሌው ወርደው አዩን።

"አያችሁ" አሉ። "በራሷ ወጣች።"

ስልኩ የጮኸው ይህን ጊዜ ነው። ዓሣ አጥማጆቹ ገና አልመሰከሩም፤ ግን ትንፋሽ አጥሯቸው ቃል ማውጣት አልቻሉም። ደንቡ ባይፈቅድልኝም እኔ ተቀበልኩና ጥቂት ራቅ አልኩ። ብቻቸውን ናቸው፣ ማንም አልረዳቸውም አልኩ እያለከለክሁ።

"የፖፋደሯ እህቴ ነሽ" አለች ሮሼል። "መጀመሪያ ተንፍሺ። ስንት ሆናችሁ ነው የገፋችሁት?"

ማበል ጀመርኩ፤ ሳቋ አቋረጠኝ። ስትስቅ ቆይታ ድምፅዋ ተለወጠ።

"ያቺን ዝገት ማን ይገዛታል ብለሽ ነው? እናቴ ከሞተች ወዲህ አባዬ ከሰው ጋር አያወራም ነበር። ጎረቤት ሲያንኳኳ 'የለም በሉት' ይላል፤ ቤት ውስጥ እኮ ከሱ በቀር ሰው የለም። ከሰው ተቀላቀል ስለው እንቢ አለ፤ ብቻህን መኖር አትችልም ስለው ግን እልህ ይዞት ተነሳ። ምስክር ያልኩት በየማታው አዲስ ሰው እንዲፈልግ ነው። በመጀመሪያው ማታ መነሻው ፖርት ኖሎት ላይ አንድ ዘበኛ ፊት ቆሞ ቃል ጠፍቶት ነበር አሉ፤ ዘበኛው ራሱ ነው ያዘነለት። እባክሽ እንዳትነግሪው። ካወቀ ተመልሶ በሩን ይዘጋል።"

ስመለስ ኦም ጋቪ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ይጠብቁኛል።

"ምን አለች?"

እኚህን ደረቅ ሽማግሌ እንዴት እንደወደድኳቸው ያወቅሁት ያኔ ነው። አፌም ከእኔ ቀድሞ ሄደ።

"ኮምቢዋ የርስዎ ናት ብላለች። ግን መምጣት ብቻ አይበቃም፤ ሲመለሱም በየማታው ምስክር ያስፈልጋል፤ አሮጌ ምስክር ደግሞ አይሆንም ብላለች።"

ሮሼል ይህን አላለችም፤ ማታውኑ መልእክት ላክሁላትና ተስማማች። ኦም ጋቪ ተቆጡ። ልጆች እንደ ጨከኑ፣ ሽማግሌ እንደ ተናቀ፣ አንድ ሰው በሰላም ብቻውን መሆን እንደማይችል ዘረዘሩ። ሲዘረዝሩ በሜዳው በር አንዲት የማናውቃት መኪና ገባች። አፋቸውን ዘጉ፣ አሸዋውን ከሱሪያቸው አራገፉ፣ ባርኔጣቸውን አጠለቁና ፈጠን ፈጠን እያሉ ወደ እንግዳው ሄዱ።

ወሬው እንደሚረዝም አውቄዋለሁና ለእራት ካቀጣጠልነው ፍም ላይ ትልቁን ቋሊማ አንስቼ፣ በሳህን ከድኜ አስቀመጥኩላቸው።