የጠገበችው መኪና

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ ደሴ ለዓለም የትራንስፖርት ዕውቀት ያበረከተችውን ታላቅ ግኝት ከመነሻው መተረክ ይገባል። ግኝቱ ባጭሩ ይህ ነው፦ የኤሌክትሪክ መኪና ነዳጅም መብራትም አያስፈልጋትም፤ ቁልቁለት ይበቃታል። ይህን ያገኘው ደግሞ ፈረንጅ አይደለም። ሆጤ ሰፈር ባልዲና ጆግ የሚሸጠው ኑርሁሴን ነው። እኛ የሰፈሩ ሰዎችም ግኝቱን ያለ አንድ ተቃውሞ አጽድቀናል። ዛሬ "እኔ እንኳ ጠርጥሬ ነበር" የሚል ጎረቤት ብታገኙ አትመኑት፤ ያን ጊዜ ከሁላችን በላይ ያጨበጨበው እሱ ነው።

ኑርሁሴን መኪና ለመግዛት ሲነሣ፣ እንደ ማንኛውም አስተዋይ ሰው፣ ሰፊ ጥናት አካሂዷል። ጥናቱ የተካሄደው ሱቁ ደጃፍ ላይ፣ በተገለበጡ ባልዲዎች ላይ በተቀመጡ ምሁራን ነው። የቤንዚንን ወገን የያዘው ጎረቤቱ ሞላልኝ ነበር፤ ከእሱ ጋር ያረጀች፣ ጭሷ ከሹፌሩ ቀድሞ ቤት የሚገባ መኪና አለችው።

"ቤንዚን ያልጠጣ መኪና መኪና አይባልም" አለ ሞላልኝ። "ድምፅ የሌለው ነገር ዳገት አይወጣም።"

"አንተ ደግሞ!" አለ ኑርሁሴን። "ዕድሜህን ማደያ ሰልፍ ላይ ጨረስከው። የገዛ ልጅህን ክርስትና በስልክ አይደል እንዴ የሰማኸው?"

"ቢሆንም ቤንዚኑን ይዤ ገብቻለሁ።"

የሃይብሪድ ወገን ከኮምቦልቻ መጣ። መሕሙድ ይባላል፤ ልጁ ቢልቂስ ለኑርሁሴን ልጅ ለሀፊዝ ታጭታለች። "የኔዪቱ ቤንዚኑንም መብራቱንም ትቀምሳለች። አንዱ ሲጠፋ በሌላው ታዘግማለች" አለ በትሕትና። አማች ፊት ክርክር ነውር ነውና ኑርሁሴን አንገቱን እየነቀነቀ አዳመጠ። መሕሙድ ማዕዘኑን እንደታጠፈ ግን ከባልዲው ላይ ብድግ አለ።

"የሌሊት ወፍ! አይጥ ነሽ ሲሏት ክንፏን፣ ወፍ ነሽ ሲሏት ጥርሷን የምታሳይ! እኔ ኑርሁሴን፣ ሃይብሪድ የሚባል ነገር ደጄ ድርሽ አይልም፣ ወላሂ!"

ጉባኤው በዚህ ተዘጋ። ኑርሁሴን ኤሌክትሪኳን ገዛ። ነጭ ናት፣ ድምፅ የላትም፣ ስትናገርም በቻይንኛ ነው። ምን እንደምትል የሚያውቅ በከተማው አልተገኘም፤ ግን ድምጿ የለሰለሰ ስለሆነ ክፉ ነገር ትናገራለች ብሎ የጠረጠረ አልነበረም።

በመጀመሪያው ሳምንት ለሙከራ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ወረደባት። የሐረጎን ጠመዝማዛ ሲጨርስ ከመሪው ፊት ባለው መስታወት ላይ ቁጥሩን አየ፤ ዓይኑን አሸት አድርጎ ደግሞ አየ። የባትሪው ቁጥር ጨምሯል። ሲነሣ ከነበረው በልጧል! መኪናውን ዳር አቁሞ ወርዶ ዞራት፤ እንደ ወለደች ላም ጀርባዋን ዳበሳት። በመልሱ እዚያው ኮምቦልቻ አንድ ሆቴል ግቢ ሲያስሞላ ውሎ ስለነበር፣ ሽቅብ ሲወጣ ቁጥር ማየት አላስፈለገውም። የሞላለት ሰው ምን ቆጠራ ያስፈልገዋል? ማታ ባልዲዎቹ ዘንድ ቀርቦ ግኝቱን አወጀ።

"ያ ጀመዓ፣ በኼደች ቁጥር ትሞላለች።"

"ሽቅብም?" አለ ሞላልኝ።

"የወረደ ሁሉ ይወጣል" አለ ኑርሁሴን። ነገሩ መልስ ይሁን አይሁን ሳናውቅ ሁላችንም አደነቅን። እኛ ደሴዎች ከላይ ስለተቀመጥን ዓለም ሁሉ ቁልቁለት ይመስለናል።

የሰርጉ ቀን ሲደርስ መሕሙድ ከፋው። ልጁን ለብርድ አገር መስጠቱ ሆድ ሆዱን በላው፤ "ከዚህ ሙቀት አውጥቼ ለደሴ ጉም!" እያለ ዋለ። ኑርሁሴን ይህን ሲሰማ ደረቱን መታ። "ቢልቂስ በገዛ መኪናዬ፣ እኔው ራሴ ነድቼ፣ ከመግሪብ በፊት ሆጤ ትገባለች። ሽማግሌዎቹ በር ላይ ዱዓ አድርገው ይቀበሏታል። ካልሆነ ሰው አይደለሁም" አለ። ቃል ወጣ። የወንዱ ሙሽራ አባት ሹፌር ሆኖ አያውቅም፤ ግን እንዲህ ያለችውን መኪና መሪ ለማን ይስጥ?

በዋዜማው ሆጤ መብራት ጠፍቶ አደረ። ጠዋት ባትሪዋ ወደ ማለቁ ነው። ሚስቱ ረሂማ የበርበሬ እጇን እያራገፈች ወጣች።

"ከጎረቤት ጄኔሬተር ትንሽ አትሞላትም?"

"ቁልቁለቱ ይሞላታል፣ ኢንሻአላህ።"

"ስትመለስስ? ስትመለስ ማን ይሞላታል?"

"አንቺ የወጡን ጨው ተመልከች" አላት። ረሂማ ጨውን ልትመለከት ገባች፤ ያን ቀን ወጡ እንኳን ጨው አላነሰውም።

ወረዱ። ሀፊዝ ከኋላ ወንበር ሱፉን ለብሶ፣ ሚዜዎቹ ደግሞ በሞላልኝ መኪና ሆነው ተከተሉ። የሞላልኝ ቦታ ከሁሉ መጨረሻ ነበር፤ ጭሱ የሙሽራዋን ቬሎ እንዳያጠቁር ተብሎ በኑርሁሴን የተወሰነ ነው። እውነትም ቁጥሩ በመንገድ ላይ ትንሽ ጨመረ። "አላልኩህም?" አለ ኑርሁሴን ለልጁ። ኮምቦልቻ ሲደርሱ ሙቀቱ እሳት ነው፤ ሙሽራዋ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ እንድትገባ ብሎ ማቀዝቀዣውን ከፍቶ፣ የሰፈሩ ልጆች እንዲሰሙላት ሙዚቃውን ለቆ፣ መኪናዋን እንደዚያው በር ላይ ትቷት ወደ ምሳው ገባ።

ምሳው አልቆ እጅ ሲታጠብ፣ መሕሙድ አንድ ጥቅል ገመድ ይዞ ብቅ አለ።

"አማቼ፣ ለመኪናዋ ገመድ እንዘርጋላት እንዴ? ሽቅቡ ከባድ ነው። እኛ ጋ መብራት አለ።"

እዚህ ላይ የአገራችንን ሥርዓት ለማያውቅ ማስረዳት ያስፈልጋል። በእኛ ዘንድ እንግዳ በመጀመሪያው "ብላ" አይበላም። "ኧረ በቃኝ" ይላል። ባለቤቱ "በሞቴ" ይላል። እንግዳው "ጠግቤአለሁ" ይላል። ባለቤቱ "አፈር ስሆን" ይላል። ሰው የሚበላው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ የትም ያልተጻፈ ሕግ ነው፤ ስለዚህ ማንም ጥሶት አያውቅም። በዚያ ላይ የወንድ ወገን ሙሽራ ሊወስድ መጥቶ መብራት ሊለምን? "ባዶ መጡ" ይባላል፤ ይህ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ወሬ ነው።

"ኧረ ጠግባለች!" አለ ኑርሁሴን፣ እጁን እያወዛወዘ። ይህን ብሎም "በሞቴ"ን ጠበቀ።

ግን በሞቴ የሚባለው ለሰው ነው። በወሎ ምድር ለመኪና ተብሎ አያውቅም። መሕሙድ በደስታ "አልሐምዱሊላህ" ብሎ ገመዱን ጠቅልሎ ይዞት ገባ። ኑርሁሴን የገመዱን ጫፍ በሩ እስኪውጠው ድረስ በዓይኑ ሸኘው።

ከዚያ ሽቅቡ ተጀመረ። የወረደ ሁሉ ይወጣል፤ ግን በስንት ይወጣል የሚለውን ጥናታችን አልነካውም ነበር። በየጠመዝማዛው ቁጥሩ እንደ በጋ ጉድጓድ ውሃ ወረደ። ሁሉም ያያል። ቢልቂስ በሻሿ ሥር ሆና ታያለች፤ ግን ሙሽራ አትናገርም። ሀፊዝም ያያል፤ ግን አባት አይታረምም። ኑርሁሴን ከሁሉ በፊት አይቷል፤ ግን ያየውን ከተናገረ እውነት ይሆንበታል። ስለዚህ ሦስት ዓይናሞች በአንድ መኪና፣ በፍጹም ጨዋነት፣ ዝም ተባብለው ወጡ። ከመካከላቸው ደፍራ የተናገረችው መኪናዋ ብቻ ናት። ጥንን አደረገችና በቻይንኛ ረዘም ያለ ነገር አለች።

"ምን አለች?" አለ ሀፊዝ ቀስ ብሎ።

"እየመረቀች ነው። አሚን በል።"

"አሚን።"

ከምርቃቱ በኋላ መኪናዋ ቀዘቀዘች፣ አዘገመች፣ የሐረጎ ወገብ ላይ ዳር ይዛ ቆመች። ከኋላ የነበሩት የጭነት መኪኖች ጡሩንባቸውን አቀለጡት። ሚዜዎቹ ሹፌሮቹ በሰርጉ የተደሰቱ መስሏቸው በመስኮት ወጥተው አጨበጨቡ። ፀሐይ ወደ ተራራው ጥግ ዘንበል ብላለች፤ ላይ ሆጤ ሽማግሌዎቹ በር ላይ ተቀምጠዋል።

"አባዬ" አለ ሀፊዝ፣ "ዞረን ብንወርድ እኮ ትንሽ ትሞላለች። ቁልቁለት ነው። ከዚያ እነ ቢልቂስ ቤት…"

"ሙሽራ? ከመንገድ ተመልሳ? አባቷ ቤት? ለመብራት?" ኑርሁሴን ላብ አጠመቀው። ግኝቱ እውነት ነበር፤ መውረድ ይሞላል። ግን የሚሞላው ወደ ውርደት በሚወስደው አቅጣጫ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሱ ሳቀ።

ሞላልኝ እየጨሰ ደረሰና አጠገባቸው ቆመ።

"ምነው ቆማችሁ?"

"ለሙሽራዋ አገሩን ላሳያት ብዬ ነው።"

"ሐረጎን? ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ሥሩ አይደል?"

"ከመሐሉ ሲያዩት ይለያል።"

ሞላልኝ ሙሽራዋን አየ፣ ፀሐይዋን አየ፣ ወዳጁን አየ። "ልጎትትህ እንዴ?"

"ኧረ ምን በወጣህ! ግድ የለም፣ አንተ ቀድመህ ሂድ።"

"እሺ" አለ ሞላልኝ፤ ኼደም።

ኑርሁሴን ጭሱን በዓይኑ ተከተለ። ሞላልኝ እንኳ? "በሞቴ" አገር ጥሎ ጠፋ እንዴ? ከመቶ ሜትር በላይ ግን አልኼደም። ጠመዝማዛው አፍ ላይ ቆመ፣ ወረደ፣ የሞተሩን ክዳን ከፈተና ራሱን ውስጥ ከተተ። የእሱ መኪና ምንም አልሆነችም። ወዳጁ ብቻውን ቆሞ እንዳያፍር ብሎ የራሱንም አበላሽቶ መቆሙ ነው። እነሆ በሐረጎ ተራራ ላይ ሁለት መኪኖች ቆሙ፤ አንዷ ባትሪ አልቆባት፣ አንዷ በይሉኝታ። ወደ ታች የሚወርድ አንድ ሹፌር ሁለቱንም አይቶ "አላህ ይሁናችሁ" ብሏቸው አለፈ።

ፀሐይዋ ተራራውን ነካች። ከኋላ ወንበር፣ ከሻሹ ሥር፣ ድምፅ መጣ።

"አባባ።"

ኑርሁሴን ዘወር አለ። ሙሽራ ተናገረች።

"ጋሽ ሞላልኝን 'ጎትተን' ይበሉት። እኔ በዱዓው መግባት እፈልጋለሁ። አባዬ እዚያ ታች ሆኖ 'ገባች?' እያለ ስልኩን ይዞ ነው የተቀመጠው።"

የሰው ልጅ፣ የሰው አደራ፣ በእሱ "ጠግባለች" መንገድ ላይ ቀርታለች። ኑርሁሴን ወጣና በተራራው ላይ ጮኸ።

"ሞላልኝ! በሞቴ ጎትተኝ!"

"አፈር ስሆን" አለ ሞላልኝ ከክዳኑ ሥር፣ "እኔም ስጠብቅህ ነበር።" መኪናውን ወደ ኋላ አውርዶ፣ የሰርጉ ሰንጋ ታስሮበት የመጣውን ገመድ ከዕቃ መጫኛው አወጣ።

ሆጤ ሲገቡ ሽማግሌዎቹ ገና ከበሩ አልተነሡም። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቷል፤ እኔን ጨምሮ። ከፊት የሞላልኝ አሮጌ መኪና እያጨሰችና እያቃሰተች፣ ከኋላ ነጯ አበባ ለብሳ ድምፅ ሳታሰማ፣ መካከላቸው የሰንጋው ገመድ። እልልታው መሐል ረሂማ በር ላይ ቆማ አየቻቸው፤ ከፊት ቤንዚን፣ ከኋላ ኤሌክትሪክ።

"ኑርሁሴን" አለች፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ "ሃይብሪድ ደጄ ድርሽ አይልም ብለህ አልማልክም እንዴ?"

ሽማግሌዎቹ ዱዓውን ሳቃቸውን ውጠው ጀመሩት። ቢልቂስ ግን በሰዓቷ ገባች፤ መሕሙድም በስልክ "አልሐምዱሊላህ" አለ፤ የመጎተቻውን ገመድ ታሪክ ማንም አልነገረውም።

ከጫጉላው በኋላ ቢልቂስ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአማቷ ምሳ አቀረበች። ኑርሁሴን ከሱቅ ርቦት ነው የመጣው፤ አንጀቱ ይጮኻል። ወጡ ደግሞ ጥሩ ነው። የቀረበለትን ጨርሶ ሳህኑን ጠራርጎ ነበር።

"ልጨምርልዎ፣ አባባ?"

"ኧረ ጠግቤአለሁ፣ ልጄ" አለ፣ እጁን ትንሽ እያወዛወዘ። ይህን ብሎም ጠበቀ።

ቢልቂስ የመሕሙድ ልጅ ናት። በደስታ "አልሐምዱሊላህ" አለችና ሳህኑን አንሥታ ይዛው ገባች።

ኑርሁሴን ጣቱን ይዞ ቀረ። ረሂማ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። በመስኮቱ ወደ ግቢው ሲያይ፣ ነጯ መኪና ገመዷን ነክሳ፣ ማንም "በሞቴ" ሳይላት፣ ትበላለች።