በሱሪ ላስቲክ የወረደ ድምፅ

በየሰፈሩ አንድ ዘፈን የማያስጨርስ ሰው አለ። ውሃ ቢጠፋ፣ መብራት ቢጠፋ፣ እሱ አይጠፋም። ራሱ ጠርቶ ያስቀምጥሃል፣ ራሱ ካሴቱን ይከፍትልሃል፣ ዘፋኙ ገና አፉን ሲከፍት ደግሞ «ቆይ! ይቺን ስማ!» ብሎ እጁን ያነሳና እስከ መጨረሻው ራሱ ያወራል። አንተም ሙዚቃ ሲሰማ ዋለ ተብለህ ወደ ቤትህ ትገባለህ።

ለእኛ ሰፈር የደረሱት ልብስ ሰፊው ክቡር ፕሮፌሰር ናቸው። ማዕረጉን የሰጣቸው ዩኒቨርሲቲ አይደለም፤ ደንበኞቻቸው ናቸው፣ ያውም ከምሬት የተነሳ። ሱቃቸው እኔ ከምኖርበት ፎቅ ሥር ነው። አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ካውያ፣ ልብስ የሚሰቀልበት ጭንቅላት የሌለው አሻንጉሊት፣ መደርደሪያው ላይ ደግሞ በጨርቅ ጥቅልሎች መሃል አንድ አሮጌ ቴፕ አለ። በአሻንጉሊቱ የምቀናበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ጆሮ የለውማ።

የጥናት መስካቸው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የሰባዎቹ የሶል ሙዚቃ ዘፋኝ። ስሙን እዚህ አልጽፍም፤ የጻፍኩት እንደሆነ ይህ የሚወጣበትን ጋዜጣ ይዘው ደረጃውን ሲወጡ ከወዲሁ ይሰማኛል። ዘፋኙ መጀመሪያ ከአራት ጓደኞቹ ጋር በቡድን ይዘፍን ነበር፤ አንድ ዓይነት ኮት ለብሰው፣ አንድ ላይ እየተሽከረከሩ። ከዚያ ትቷቸው ወጣና ብቻውን አራት አልበም ሠራ። እንደኔና እንደናንተ ያለው ተራ ሰው የሚወደው የቡድኑን ዘፈኖች ነው። ፕሮፌሰሩ ግን ቡድኑን ለልጆች ትተውታል። የመጀመሪያውን የብቻ አልበም ለጀማሪ አይፈቅዱም፣ «ትታለላለህ» ይላሉ። ሁለተኛውን «የማመንታት ዘመን» ብለው ሰይመውታል። አራተኛውን ማንም አልገዛውም፤ ለዚህም ጥፋተኛው ገዢው ነው። ሦስተኛው ሲነሳ ግን መቀሳቸውን ያስቀምጣሉ።

«በቡድኑ ጊዜ ድምፁ እንደ ወፍ ነበር፤ እኔው ራሴ በሬድዮ ሰምቼዋለሁ» ይላሉ፣ የራሳቸውንም ድምፅ ዝቅ አድርገው። «ብቻውን ሲቀር ግን ሐዘን ገባበት። ድምፁ ወረደ። ሦስተኛው ላይ መሬት ነካ! ቆይ! ይቺን ስማ!»

ከዚያ ወዲያ ማምለጥ የለም። አንድ ሙሽራ ኮቱን ሊለካ ገብቶ፣ ሁለተኛው እጅጌ ሳይገባለት ስለ ሁለተኛው አልበም ሲማር ሚዜዎቹ መጥተው ነው ያወጡት። የእኔ ሱሪ አንድ እግሩ አጥሮ ወጣ። ወርጄ ባሳያቸው አዩት፣ አዩትና «እዚህ ጋ እኮ ነው ሳክስፎኑ የሚገባው» አሉኝ፤ ጥፋቱ የሳክስፎኑ ሆኖ አረፈው። ጥግ ይዘው ቁልፍ የሚተክሉት ባለቤታቸው «ኧረ ተወው ሰውዬውን፣ ሱሪውን ይዞ ይሂድበት!» ይላሉ፤ ግን ማን ሰምቷቸው!

ነገሩ ከየት እንደመጣ የነገሩኝም ባለቤታቸው ናቸው። ፕሮፌሰሩ በወጣትነታቸው ከአራት ጓደኞቻቸው ጋር ዋናው መንገድ ላይ ትልቅ ስፌት ቤት ነበራቸው። በኮት ኮሌታ ተጣሉ። አዎ፣ በኮሌታ! መቀሳቸውን በኪሳቸው ከተው ወጡና እዚህ ጠባብ ሱቅ ገቡ። ደንበኛ ግን ዝር ሳይል ከረመ። ያኔ ነው ካሴቱን የገዙት። «ይሄም እንደኔ ብቻውን ወጥቶ ያዝናል እያለ ተጽናና» አሉኝ ባለቤታቸው። ይህን ሰምቼ ታጋሽ ብሆን ደስ ባለኝ፤ አልሆንኩም። የሰው ሐዘን ጠዋትና ከሰዓት ሲሰሙት ይሰለቻል።

ታዲያ አንድ ቀን ፕሮፌሰሩ ደረጃውን እየሮጡ መጡ። ቀሚስ ልታሰፋ የመጣች የሬድዮ ጋዜጠኛ፣ ዙሪያዋን በስፒል ተይዛ መንቀሳቀስ አቅቷት፣ አራቱንም አልበሞች ሰምታ ኖሯል። ከስፒሉ ለመላቀቅ ይሁን ከልቧ፣ ብቻ «ለምን ፕሮግራማችን ላይ መጥተው አይነግሩንም?» አለቻቸው። ሰፈሩ በአንድ ጊዜ ሰማ። መስማት የማይፈልግም ሰማ።

ያን ሰሞን ሴት ልጄ በስልኳ ሦስተኛውን አልበም ከፈተችው። ሶፋው ላይ ጋደም ብዬ ነበር፤ ብድግ አልኩ። ዘፋኙ ይሮጣል። ድምፁ ቀጭን፣ ቀላል፣ እንደ ወፍ ነው። አልወረደም። ማንም የወረደ የለም።

«ስልክሽ ተበላሽቷል እንዴ?»

«አባዬ፣ የተበላሸውማ የታች ያሉት ጋሼ ቴፕ ነው።»

ያኔ ትዝ አለኝ። አንዴ ቴፑ ቆሞባቸው ከኋላ ከፍተውት ነበር። ሞተሩ ካሴቱን የሚያዞርበት ጎማ ቦታ ላይ የሱሪ ወገብ ላስቲክ ገብቷል፤ ጫፍና ጫፉ በድርብ ስፌት የተያያዘ። «ጎማው ድሮ ተበጥሶ እኔው ነኝ የተካሁት» ብለውኝ ነበር ደረታቸውን ነፍተው። እንግዲህ ላስቲኩ ላላ፣ ቴፑ አዘገመ፣ ድምፁም ወረደ። የሶል ሙዚቃ ታላቅ ሐዘን ማለት ይኸው ነው፤ የሱሪ ላስቲክ።

ደስታዬን አልደብቅም፤ ደረጃውን የወረድኩት እየዘለልኩ ነው። ስገባ ፕሮፌሰሩ ለሬድዮው አዲስ ኮት እየሰፉ አገኘኋቸው።

«ጋሼ፣ ሬድዮ ላይ እኮ ኮት አይታይም።»

«ድምፅ ላይ ይታወቃል» አሉኝ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ።

የላስቲኩን ነገር ለሌላ ቀን አቆየሁት። ስወጣ ባለቤታቸው በሩ ድረስ ተከተሉኝ። «አደራህን፣ አብረኸው ሂድ። ከዚያ ስፌት ቤት ከወጣ ወዲህ ንገረን ብሎ የጠራው ሰው የለም። ይቺ ብትበላሽበት እንጃ፣ የሚነሳም አይመስለኝ» አሉኝ። እሺ አልኩ። ምን ልበል?

ስቱዲዮው ጠባብ ክፍል ነው፤ ግድግዳው በወፍራም ጨርቅ ተለብጧል። ፕሮፌሰሩ ገና ሲገቡ ጨርቁን ዳሰሱና «ስፌቱን ማን ነው እንዲህ ያበላሸው?» አሉ። ጋዜጠኛዋ ሰላምታ ሰጥታ ማይክሮፎኑን ስትለቅላቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ክቡራትና ክቡራን! ሰው ከጓደኞቹ ተለይቶ ብቻውን ሲወጣ ድምፁ ይወርዳል። ይሄ ሰው ወርዶበታል። እኔ አልናገርም፤ ጆሯችሁ ይፍረድ!»

«ኦርጅናሉን አግኝተነዋል» አለች ጋዜጠኛዋ በደስታ፤ «እንስማው።»

ያ ቀጭን ድምፅ ከተፍ አለ። ይፈነድቃል። ጥርሱ ሁሉ የሚታይ ነው የሚመስለው። ፕሮፌሰሩን አየኋቸው። እጃቸው አዲሱ ኮሌታቸው ላይ እንደተሰቀለ ቀርቷል። «ቆይ» የለ፣ «ስማ» የለ።

ይህን ዝምታ ስመኝ ነው የኖርኩት። ሲመጣ ግን አንጀቴን በላው። ምን እንደነካኝ እኔ እንጃ፤ ማይክሮፎኑን ወደ ራሴ ጎተትኩና «ቆይ! ይቺን ስሙ!» አልኩ። እኔ! «ይሄ ደስታ እንዳይመስላችሁ! ሐዘኑን ደብቆ ነው። ሦስተኛው አልበም ለጀማሪ ይከብዳል…» ሳክስፎኑ ሲገባ ሳክስፎኑንም አብራራሁ። ጋዜጠኛዋ አፏን ከፍታ ታየኛለች።

ጉልበቴ ላይ የፕሮፌሰሩ እጅ አረፈ።

«አንተ ሰውዬ፣ ዝም በል እስቲ! ዘፈን እየሰማሁ እኮ ነው!»

ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ሰሙት። ሲያልቅ ጋዜጠኛዋ በፍርሃት «እንግዲህ… ድምፁ ወርዷል ይላሉ?» አለቻቸው። ፕሮፌሰሩ ኮሌታቸውን ለቀቁት።

«ለካ ደስ ብሎት ነው የወጣው!» አሉ። «እኔ ይሄን ሁሉ ዘመን ሳዝንለት!»

ወደ ሰፈር ተመለስን። ባለቤታቸው ሬድዮውን ደረታቸው ላይ አቅፈው ሱቁ በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ይነፋረቃሉ ብዬ ስፈራ፣ ሳቅ አሉ።

«አንተስ?» አሉ ለባላቸው። «ከዚያ ስፌት ቤት በወጣህ ቀን ፉጨትህ ከመንገድ ማዶ ይሰማኝ ነበር። ያዘንከው በኋላ ነው፣ ደንበኛ ሲጠፋ። ረሳኸው እንዴ?»

ፕሮፌሰሩ ቆመው አሰቡ። «አፏጭቼ ነበር?»

«የቡድኑን ዘፈን እያፏጨህ!»

በማግስቱ ስወርድ ቴፑ ሆዱ ተከፍቶ የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል። ፕሮፌሰሩ አዲስ ላስቲክ እየለኩ ነው። «ቆይ! ይቺን ስማ!» አሉኝ። «ሰው ብቻውን ሲወጣ ድምፁ ይቀለዋል! ይሄን ማንም አልደረሰበትም።» የትናንቱ ሐዘን የትም የለም፤ የትናንቱ እርግጠኝነት ግን ሳይሸራረፍ ቁጭ ብሏል። ልጄን ከነስልኳ አስጠሯት። ላስቲኩን ትንሽ ያሳጥራሉ፣ ይሰፋሉ፣ ያዞራሉ፣ ከስልኩ ጋር ያስተያያሉ፤ አሁንም ያሳጥራሉ። ያ የማውቀው ከባድ ድምፅ በእጃቸው እየቀለለ፣ እየቀለለ ሄደና ከስልኩ ጋር እኩል ሆነ።

ልጄ አጨበጨበች። ባለቤታቸው ከጥግ «ጎሽ!» አሉ። ፕሮፌሰሩም ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ሊቅ ተማሪውን እንደሚያይ አዩኝ።

«እህ፣ እንዴት ነው?»

ከወለሌ በታች ጠዋት ጠዋት ድምፁ የሚጎተተው ያ ዘፋኝ፣ ስማረርበት የኖርኩት፣ ዓይኔ እያየ ሊሄድብኝ ነው።

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «እስቲ ትንሽ ላላ ያድርጉት።»